ስድስት ቀን ከወፍጮ ቤቱ ጎን፦ የጎርጎራ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

የጎንደር ሰው ጥምቀትን የሚያከብረው ታቦት አጅቦ ብቻ ሳይሆን ቤቱን ለእንግዳ ለቆ ጭምር ነው። የዘንድሮው በዓል ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ተጨንቀን ከከረምን በኋላ የመጣ ስለ ነበረና ከውጭ አገር የገባው ወገንም ስለ በዛ፣ አራዳ ያለችው ባለ ሦስት ክፍል ቤታችን አሥራ አንድ ሰው አሳደረች፤ እኔና ባለቤቴም ፍራሽ ከጎረቤት ተውሰን ማጀት ውስጥ አንጥፈን ሰነበትን። አላማረርንም። ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ዘመዶች ትናንት ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ከተሸኙ በኋላ ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና፣ «እኛስ የሰው ቤት አንሄድም?» አለች። የሰው ቤት ማለቷ ዘመድ ቤት አልነበረም፤ ኪራይ ተከፍሎበት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ማንም «ቡና ደርሷል» ብሎ የማይጠራበት ቤት ማለቷ ነበር።

ጎርጎራን ለመምረጥ ብዙ አልተከራከርንም። ከጎንደር በስተ ደቡብ ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ተጉዞ የሚደረስባት የጣና ዳርቻ ናት። የደንብያ ሰው ጣናን «ሐይቅ» ሲል አይሰማም፤ «ባሕር» ነው የሚለው፤ ከወዲያ ማዶ ያለችው ከተማም ባሕር ዳር የተባለችው በዚሁ አጠራር ነው። እኔ ግን 32 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው ነኝና፣ ተማሪዎቼ «የጣና ባሕር» ብለው በጻፉ ቁጥር ባሕር የሚለውን ቃል በቀይ እስክርቢቶ ስሰርዝ ኖሬአለሁ። ቤቱን ያገኘልን ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ መሆኑ ዕዳዬን ሳያስታውሰኝ አልቀረም። የቤቱ ባለቤት ጎንደር የሚኖር ሰው ሲሆን፣ ጎርጎራ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቶ የላይኛውን አፓርታማ ለዕረፍት ለሚመጡ ሰዎች ያከራያል። በስልክ የነገረን አጭርና ግልጽ ነበር፦ ባሕሩን ፊት ለፊት ያያል፣ መብራትና ውሃ አለው፣ ጸጥ ያለ ነው። ለአንድ ሌሊት 700 ብር ተስማምተን ግማሹን ቀብድ ላክን።

ጠዋት ከመናኸሪያ በሚኒባስ ተነሥተን ከአዘዞ ወደ ደንብያ ታጠፍን። የደንብያ ሜዳ በጥር ወር ሁለት መልክ አለው፤ ጤፉ ታጭዶ በየአውድማው ሲከመር፣ ዘግይቶ በጥቁሩ አፈር እርጥበት የሚበቅለው ሽንብራ ደግሞ ገና አረንጓዴ ነው። ቆላድባ ስንደርስ ሕፃናት የእሸት ሽንብራ እቅፍ እቅፍ አድርገው በመስኮት አቀበሉን፤ ከዚያ እስከ ጯሂት ድረስ በመኪናው ውስጥ የሚሰማው የቅርፊት ድምፅ ብቻ ነበር። መንገዱ ቁልቁለት መሆኑ ብዙም አይታወቅም እንጂ፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ፣ የጣና ወለል ደግሞ ከ1,800 ሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚገኙ፣ 300 ሜትር ያህል ወርደናል። ባለቤቴ ይህን ያወቀችው ጋቢዋን በማውለቅ ነው።

ቤቱ እንደ ተነገረን ሆኖ አገኘነው። ሁለት ክፍል፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ጠባብ ማብሰያ፣ ጣሪያው ላይ ሮቶ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ሁለት ወንበር የሚያስቀምጥ በረንዳ፤ ከበረንዳው ወዲያ ጥቂት የባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ውሃው። ቁልፉን ያስረከቡን ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ቤቱን የሚጠብቁ እናት ናቸው። ዕቃችንን አስገብተን በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ «አየሽ፣ ይህ ነው ጸጥታ ማለት» ብዬ ሳልጨርስ ከግድግዳው ጎን አንድ ሞተር አቃሰተ፤ ማቃሰቱ ወደ ጩኸት አደገ፤ ጩኸቱም አልቆም አለ። ወፍጮ ቤት ነው።

ወርጄ ጠየቅኋቸው። «መምህር፣ መብራት ስለ መጣ ነው እንጂ ሲጠፋ እኮ ዝንብ ስትበር ይሰማል» አሉኝ፤ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነቃሁ። መብራት አልነበረም፤ ስለዚህም ጸጥታ ነበረ። ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ውሃው ወረድሁ።

የጣናን ስፋት በቁጥር ለክፍል ሙሉ ተማሪ ነግሬአለሁ፦ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቆዳ ስፋት፣ ጥልቀቱ ግን በጣም ከጠለቀበት ላይ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ። ስፋቱ ሲነገር ተማሪ ይደነቃል፣ ጥልቀቱ ሲነገር ያዝናል። ዳርቻው ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ማዶው አይታይም፤ ማዶው ያልታየ ውሃ ደግሞ ባሕር ቢባል ምኑ ያስቀይማል? በቀዩ እስክርቢቶ የተሰረዙት ልጆች ሁሉ ትዝ አሉኝ።

ዓሣ አስጋሪዎች ሌሊት የጣሉትን መረብ ሊያነሡ በታንኳ ሲወጡ አየሁ። ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ ሥራው በዋነኛነት የነገደ ወይጦ ጥበብ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ከባሕር በተመለሰ ቁጥር ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልሞቀ ዕድሜው ያጥራል፤ በደኅና ቢያዝም እንኳ ከጥቂት ወራት አያልፍም። ስለዚህ ዳርቻው ላይ ቀጥ ብለው የቆሙት ታንኳዎች ከሩቅ ሲታዩ የሚጠባበቁ ሰዎች ይመስላሉ። አንድ ሽማግሌ ታንኳውን ወደ ውሃው እየገፋ፣ ነፋሱ ሳይነሣ መመለስ እንዳለበት ነገረኝ። ነገሩ ቀን ቀን የብሱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ፣ ከየብሱ ላይ የሚነሣውን ሙቅ አየር ለመተካት ከባሕሩ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ማታ ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል። እኔ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሣልሁ አስተምሬዋለሁ፤ ሽማግሌው ግን ቀስት ሳይሥል መረቡን በሰዓቱ አንሥቶ ይመለሳል።

ከቤቱ በስተ ምሥራቅ ዳርቻውን ይዤ ስሄድ የደረቀ እምቦጭ ረግጬ አለፍሁ። ይህ አረም በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ከሁሉ የበረታውም በዚሁ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ነው። እምቦጭ የሚሰባው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ በሚገባው ነገር ነው፤ ከዚያ አንዱ የእኛ ነው። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሐ ወንዝ ነው፤ ቀሐም አንገረብም ከጎንደር ወርደው ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይገባል። ባለፈው ረቡዕ አሥራ አንዱ እንግዶቻችን ዘለው የገቡበት ውሃ፣ የከተማችንን እጣቢ ጨምሮ፣ ይዋል ይደር እንጂ ወደዚህ መምጣቱ አይቀርም። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት፣ «እንግዶቹ ተከትለውን መጡ በለኛ» አለች።

በዚያው ዳርቻ የመዝናኛ ሥፍራ እየተሠራ ነው፤ ከኮይሻና ከወንጪ ጋር በገበታ ለሀገር ከተያዙት ሦስት ፕሮጀክቶች አንዱ ነው። ሲያልቅ ምን ያህል ሰው እንደሚመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የየራሱ ግምት አለው። የእኛ አከራይ ፎቁን የሠራው ያን ቀን ተስፋ አድርጎ መሆኑን ጠባቂያችን አጫወቱን።

ከቀኑ 8 ሰዓት መብራት መጣ። ወፍጮውም መጣ።

ረቡዕ፣ ጥር 18

ዛሬ የሆነው ሁሉ በአንድ ዓሣ ዙሪያ የሆነ ነው። የትናንቱ ሽማግሌ ሳልጠይቀው ሁለት ቀረሶና አንድ አምባዛ ይዞ በር ላይ ቆመ። ገንዘቡን ሰጥቼ ወደ ላይ ይዤ ስወጣ ባለቤቴ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ፦ «ቀኑ ምንድን ነው?» ረቡዕ ነው። እሷ ዓሣን በጾም አትበላም። ጠባቂያችን፣ «ከባሕር የወጣ ነው፣ ምን አለበት?» ብለው ሊያስታርቁን ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። ማቀዝቀዣው እንዳይቀዘቅዝ መብራት የለም፤ ዓሣው እስከ ነገ እንዳይቆይ ቀኑ ይሞቃል። በመጨረሻ ሦስቱም ዓሦች ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ ማታ በምላሹ አንድ ሳሕን የዳጉሳ ቂጣ ወደ ላይ ወጣ። ባለቤቴ ባዶ ሳሕን መመለስ ነውር ነው ብላ ስኳር ጨመረችበት። በዚህ ዓይነት፣ ማንም በር እንዳያንኳኳብን በከፈልንበት ቤት በሦስተኛው ቀን ሳሕን መመላለስ ጀመርን።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ጠዋት ወደ ደብረ ሲና ማርያም ሄድን። ከወደቡ አጠገብ ናት፤ ወደቡም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ከባሕር ዳር የሚነሣው መርከብ በሳምንት አንድ ቀን በዘጌና በደቅ አድርጎ፣ ቁንዝላ አድሮ፣ በሁለተኛው ቀን እዚህ ይደርስ እንደ ነበር በወጣትነቴ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜም ተሳፍሬበታለሁ፤ የማስታውሰው ግን ከባሕሩ ይልቅ ከአጠገቤ ታስረው የተጓዙትን ፍየሎች ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ክብና ሳር ክዳን ናት። መቅደሱን የከበበው ግድግዳ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች የተሞላ ነው፤ ያስጎበኙን ካህን ሥዕሎቹን ያሠራችው የዐፄ ሱስንዮስ ልጅ መለኮታዊት መሆኗን ነገሩንና ምስሏንም አሳዩን። ጎንደሬ ሥዕል ማየት የሚለምደው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ በተደረደሩት መላእክት ስለ ሆነ፣ ሁልጊዜ አንገቱን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ይቀናዋል። እዚህ ግን ሥዕሉ ፊት ለፊት ነው፤ ቅዱሳኑ የቆሙት በሰው ቁመት ልክ ነው። ባለቤቴ አንዲት ሥዕል ፊት ለረጅም ጊዜ ቆማ ከቆየች በኋላ፣ የልብሱ አበባ ቀለም ከእናቷ ቀሚስ ጥለት ጋር አንድ መሆኑን በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ጎርጎራ ለአንድ ጎንደሬ ልዩ ስሜት የምትሰጠው ከጎንደር በፊት ስለ ነበረች ነው። ሱስንዮስ በዚህ ዳርቻ ተቀምጧል፤ ከእርሱ ጋር የነበረው ኢየሱሳዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 እዚሁ ጎርጎራ ላይ ሞቷል። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት መግባቱን ያወጀውም በዚያ ዘመን ነው፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲልም ከአራት ዓመት በኋላ ከውሃው ርቆ፣ በአንገረብና በቀሐ መካከል ባለው ጉብታ ላይ ጎንደርን ከተማው አደረገ። የማርያም ግንብ ፍርስራሽ በምዕራብ በኩል ባለው ዳርቻ ይገኛል፤ በጀልባ መሄድ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ነፋሱ ተነሥቶ ነበርና የሽማግሌውን ምክር አስቤ ተውሁት። መንደባ መድኃኔ ዓለም ገዳምንም ለመሳለም አስቤ ነበር፤ ሴት ስለማይገባበት ባለቤቴን ዳር ላይ ትቼ መሄዱን ግን አልወደድሁትም።

ስንመለስ ባለቤቴ ከመንገድ ዳር ግማሽ ኩንታል ያህል ደረቅ ሽንብራ ገዛች። የዚህን ያህል ሽንብራ ለዕረፍት የመጣ ሰው ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅሁ። የደንብያን ሽንብራ ደጁ ላይ ደርሶ የማይገዛ ሞኝ ነው አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ጠባቂያችን ምጣዳቸውን ጣዱ፤ ሽንብራው ተለቀመ፣ ታጠበ፣ ታመሰ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ ለማንበብ ብሞክርም፣ የሚታመስ ሽንብራ ሽታ ያለበት ቦታ ላይ ንባብ አይሆንም።

ዐርብ፣ ጥር 20

በእነዚህ አራት ቀናት ስለ ወፍጮው አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ጩኸቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ቀጭንና ስል ድምፅ አለው። እህል ሲፈስበት ድምፁ ይወርዳል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ ግን የሚወስነው እህሉ ነው። ጤፍ ሲሆን ብዙም አይወርድም፣ የዝናብ ዓይነት ሹሹታ ብቻ ይጨመርበታል፤ በቆሎ ሲሆን ያጉረመርማል፤ ሽንብራ ሲከካ ደግሞ ጠጠር እንደ ተጫነ መኪና ይንቀጫቀጫል። ትናንት ማታ በረንዳው ላይ ሆኜ ድምፁን ብቻ ሰምቼ፣ «አሁን የገባው በቆሎ ነው» ብዬ ለባለቤቴ ተናገርሁ፤ ወርዳ ጠይቃ መጥታ እውነት መሆኑን አረጋገጠችልኝ። በሕይወቴ ካገኘኋቸው ዕውቀቶች መካከል ይህን ያህል በፍጥነት የተመሰከረልኝ የለም።

ሌላው የተማርሁት ደግሞ ይህ ቤት በአከራዩ አንደበት ከተነገረለት ነገር አንዱንም ያልጎደለበት መሆኑን ነው። መብራት አለው፤ ጸጥታም አለው፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። መብራት ሲኖር ወፍጮው ይዞራል፣ ውሃ በፓምፕ ወደ ሮቶው ይወጣል፣ ስልካችን ይሞላል፣ እንቅልፍ ግን የለም። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል፤ ያን ጊዜ የማዕበሉ ድምፅ፣ የዓሣ አዳኙ ንስር ጩኸት፣ ሌሊትም የእንቁራሪቱ ዜማ ይመጣል፤ እኛም በሻማ ብርሃን ከጀሪካን ውሃ እየቀዳን ጸጥታችንን እናጣጥማለን። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ምክንያቱም እኔ በረንዳው ላይ እፎይ ስል፣ ከታች ሴቶች ከሩቅ ቀበሌ በአህያ ጭነው ባመጡት እህል ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

ዛሬ እኔም ከእነርሱ ጋር ተቀመጥሁ። ባለቤቴ ሽንብራውን ይዘን እንድንወርድ ያዘዘችው መብራት በመጣ ጊዜ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው። በወፍጮ ቤት ተራ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ማዳበሪያ ነው፤ ሰዎቹ ግንብ ጥግ ጥላ ሲፈልጉ፣ የእህል ማዳበሪያዎቹ በመጡበት ቅደም ተከተል ከበሩ እስከ መንገዱ ይሰለፋሉ፤ የቀደመን ማዳበሪያ ገፍቶ የራሱን የሚያስቀድም ሰው አላየሁም። የእኛ ዐሥራ አራተኛ ነበር። ሁሉም ነጭ ሆነዋል፤ የዐይን ሽፋሽፍት ሳይቀር። አንዲት ወጣት እናት እኔን አይታ፣ «አባባ፣ የፎቁ እንግዳ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልሁ። «ጩኸቱ አስቸገራችሁ ይሆን?» አለች። ከተቀመጥሁበት ቦታ ላይ ሆኜ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ተገቢ መልስ አልነበረኝም፤ «ተራችን መቼ ይደርሳል?» ብዬ በጥያቄ መለስሁ።

ተራችን ከቀኑ 9 ሰዓት ደረሰ። ሽንብራው ገባና ተከካ፤ በድምፁ አወቅሁት። ሴቶቹ ገለባውን በሰፌድ አበጥረው ለይተው፣ ክኩን ከድምብላሉ፣ ከነጭ አዝሙዱ፣ ከኮረሪማውና ከበሶብላው ጋር ቀላቅለው ለሁለተኛው ዙር አቀረቡ። ወፍጮው ሦስት ጣሳ ያህል ከዋጠ በኋላ ድምፁ ቀስ እያለ ወረደ፣ አቃሰተ፣ ቆመ። በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አምፖሉ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ አራት ቀን ሙሉ ስመኘው የነበረው ጸጥታ ነው፤ ማዕበሉ ይሰማ ነበር፤ ዝንቧም ትሰማ ነበር። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ጠበቅን። አልመጣም።

ቅዳሜ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ሌሊቱን ከደብረ ሲና የሚመጣው የማኅሌት ድምፅ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ እየደረሰን ስለ ነበር እንቅልፍ በእኩሌታ ነው ያለፈው፤ ግን ማንም አላማረረም። ጠዋት ነጠላችንን ለብሰን ስንሄድ መንገዱ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ትናንት በዱቄት ነጭ ሆነው ያየኋቸውን ሴቶች ዛሬ በነጠላ ነጭ ሆነው አገኘኋቸውና ሰላምታ ተለዋወጥን። ያቺ ወጣት እናት ሽንብራው ተፈጨ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መብራት መጥቷል። ወፍጮው ግን በበዓል አይዞርም። በስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃንና ጸጥታ በአንድ ቤት ተገኙ፤ ሮቶው ሞልቷል፣ ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ማዕበሉ ይሰማል። እኛ ደግሞ ሻንጣ እያሰርን ነበር። ባለቤቴ በማዳበሪያው የቀረውን ክክ እያየች፣ «ምናለ ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢያስነሡት» አለች። ጠባቂያችን በዓል ነው ብለው ገሠጹአትና፣ ሰኞ አስፈጭተው በሚኒባስ እንደሚልኩ ቃል ገቡልን። ቁልፉን ሳስረክባቸው ሳሕናቸውንም መለስን፤ በባዶው አልነበረም።

በሚኒባሱ ውስጥ ግማሹ መንገደኛ ከበዓል የሚመለስ ስለ ነበር እስከ ቆላድባ እየተዘፈነ ሄድን። አራዳ ስንደርስ መሽቷል፤ ሰፈራችን በባጃጅና በሙዚቃ እንደ ተለመደው ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 24

ሰኞ የተባለው ሽሮ አልመጣም። አከራዩ ስልክ ደውሎ ስለ ቆይታችን ጠየቀኝ፤ ባሕሩ መልካም መሆኑን፣ ጠባቂዋ ደግ መሆናቸውን ነገርሁት፤ ስለ ጸጥታው ሲጠይቀኝ፣ እንዳለው በሰፊው አለ አልሁ። ሌላ ነገር አልጨመርሁም።

ማታ 1 ሰዓት ገደማ ራት ላይ ሳለን ስልኬ እንደ ገና ጮኸ። ጠባቂያችን ናቸው፤ ግን የሚሉት አይሰማም። «እትዬ፣ ከፍ አድርገው ይናገሩ!» አልኋቸው። ከበስተ ኋላቸው አንድ ሞተር ይጮኻል፤ ቀጭን አይደለም፣ ወርዷል፤ እህል ገብቶበታል።

«መምህር!» ብለው ጮኹ፤ «መጣ እኮ! ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል» አልሁና ባለቤቴ እንድትሰማው ስልኩን ወደ እሷ ዘረጋሁት።